ንጉሥ መራጮችና አሠልጣኝ ቀጣሪዎች

በካፋ ንጉሥ ሲሞት ሁለት ጥያቄ ነበር። አንደኛው ማን ይንገሥ የሚለው ነው፤ ይህን አገሩ ሁሉ ይጠይቀዋል። ሁለተኛው፣ ማን ይምረጥ የሚለው፣ ገና ንጉሡ በሕይወት ሳሉ መልስ ያገኘ ነበር። መራጮቹ ሚክሬቾ የሚባሉት ሰባት አማካሪዎች ናቸው። ታቶ ከሚባለው ከሟቹ ንጉሥ ልጆች መካከል ለዙፋኑ የሚበጀውን ይለያሉ፤ ከለዩም በኋላ ወደየቤታቸው አይበተኑም። አዲሱ ታቶ ሲነግሥ አጠገቡ የሚቀመጡት፣ የሚመክሩት፣ ሥልጣኑ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዙትም እነሱው ናቸው። ንጉሡ ቢያጠፋ መራጮቹ የለንበትም ሊሉ አይችሉም፤ ሸንጎው ላይ ተቀምጠው ነበርና።

የአካባቢው የአፍ ታሪክ የካፋን መንግሥት አመሠራረት ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ይወስደዋል። መናገሻዎቹ ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ፤ ድንበሩን ጥልቅ ቦይና ኬሎ የሚባሉ በሮች ይጠብቁታል። ከውጭ ሰው ብዙም አይገባም። ፈረንሳዊው አንቶዋን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ ደርሶ ተመልሷል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከእሱ በኋላ ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያን ገብተዋል። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1898 ሲያልፍ ግን አገሩ ከጦርነት ገና መውጣቱ ነበር፤ የሰባቱን ሸንጎ ነገር የጻፈው መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ነገሡ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት መጣ፤ ከጅማ የአባ ጅፋር ሰዎች፣ ከሌላም አቅጣጫ ሌላ ጦር ታክሎበት። ካፋ ሦስት መቶ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ነበረው ይባላል። ቢሆንም ንጉሡ በጫካው ተከልለው ወራት ከተዋጉ በኋላ በሴፕቴምበር 1897 ተማረኩ። ወደ አንኮበር ተወሰዱ፤ በ1919 በግዞት እንዳሉ ሞቱ። ዘውዱ በምኒልክ አማካሪ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ ዙሪክ ሄዶ ሙዚየም ገባ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ነው። ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ወዲያ ሚክሬቾ የሚመርጠው ንጉሥ አልነበረውም። ገዢ ከመሃል አገር የሚሾም ሆነ፤ የመጀመሪያውም ድል ያደረጉት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው ነበሩ። እንዲህ የተሾመ ገዢ ሲሻር ምክንያቱን ለቦንጋ ሰው የሚነግር አልነበረም፤ ሲሾምም አልተጠየቀም።

አንባቢ ይህ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ቅርብ ነው። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ በቅዳሜና እሑድ ከሰዓት የዲኤስቲቪ ቤቶቹን የሚሞላው ወጣት ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ የሚያነሳው ጥያቄ የቀድሞው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ ማን ይምጣ? ሁለተኛውን፣ የሚያመጣው ማን ነው፣ ቀድሞ የተሰናበተውንስ ያመጣው ማን ነበር የሚለውን፣ እምብዛም አያነሳም። ባለፉት ስልሳ ዓመታት የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን የመሩ አሠልጣኞች ታሪክ ከተነበበ፣ ብዙው ችግር ያለው በዚያ ባልተጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በ1921 በጅማ ተወለዱ፤ ያቺ ከተማ በኋላ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆናለች፣ ቦንጋም በሥሯ ስትተዳደር ኖራለች። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ ፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፣ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ምሥረታ ተካፈሉ፣ ከ1972 እስከሞቱበት እስከ 1987 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። በመሃሉ አሠልጣኝም ነበሩ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ መያዙ ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ ስብሰባ ይጠራበታል፤ ተገቢም ነው። ግን አንድ በጎ ጎን ነበረው። ቡድኑ ሲሸነፍ ተጠያቂውን ለመፈለግ ብዙ ቢሮ ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር።

ደግሞም ተሸንፏል። በ1957 ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር። በ1959 ካይሮ ላይ ያው ግብፅ ያንኑ 4 ለ 0 ደገመችው፤ በሱዳንም 1 ለ 0 መሸነፍ ተጨመረበት። ሁለት ውድድር፣ ሦስት ሽንፈት፣ አንድም ግብ የለም። በዛሬው ልማድ ሦስት አሠልጣኝ የሚያስቀይር ውጤት ነው። በዚያ ዘመን ቡድን ታሪክ ከይድነቃቸው ጋር የዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ስምም አብሮ ይነሳል። በጃንዋሪ 1962 አዲስ አበባ ላይ አራት አገሮች ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አልፋ ለፍጻሜ ደረሰች።

ፍጻሜው ሁለት ጊዜ ሊጠፋ የደረሰ ጨዋታ ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለቱንም ያስቆጠረው ባዳዊ ነው። ግርማ ተክሌ አንዴ አቻ አደረገ፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ አስቆጠረ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያኔ ብቻ ነው። ያ ቡድን በ1957 እና በ1959 ከተሸነፈው ቡድን የተለየ ዕጣ የገጠመው አዲስ ተአምረኛ ሰው ከውጭ ስለመጣለት አይደለም። አንድ ላይ ቆይቶ ስለበሰለ፣ በሜዳውና በሕዝቡ ፊት ስለተጫወተ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር፣ ሜዳው፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከተጫዋቹ አሠልጣኝ የመሥራት ልማድ ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። አራተኛዋን ግብ ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁ ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ገቡ፤ በ1982 ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን ያበቁትም እሳቸው ናቸው። ውጤቱ መጠነኛ ነበር፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ሽንፈት፣ ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ። ከዚያ በር ተዘጋ። ለ31 ዓመታት ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለሰችም።

በእነዚያ ዓመታት የአሠልጣኝ ምርጫ ከተራ የሥራ ቅጥር አልፎ የየጊዜው ስሜት ማስተንፈሻ ሆነ። የአገር ልጅ ሲመረጥ ዓለም አቀፍ ልምድ የለውም ይባላል፤ የውጭ ሰው ሲመጣ ተጫዋቹን አያውቀውም፣ ደመወዙ በዛ ይባላል። ሁለቱም ወቀሳ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ከ2010 እስከ 2011 ድረስ ብቻ ኢፊ ኦኑራ ከብሪታንያ መጥተው ተሰናበቱ፤ በእግራቸው ቤልጅየማዊው ቶም ሴንትፊት ተተክተው ጥቂት ወራት ሠርተው ለቀቁ። ሴንትፊት ሲሄዱ ፌዴሬሽኑ ወደ አገር ልጅ ተመለሰና ሰውነት ቢሻውን ጠራ።

ቀጥሎ የሆነውን የሚያስታውስ ብዙ ነው። በሴፕቴምበር 2012 ዋልያዎቹ፣ ማለትም ብሔራዊ ቡድኑ፣ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመለሱ፤ በኦክቶበር አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፉ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብም አለፉ። ያን ቀን ከስታዲየሙ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ሰው ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በ2013 ውድድሩ ሲጀመር ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1፤ ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0። ከዚያም በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ተደረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በጁን 2013 ቡድኑ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያየው ምንያህል ተሾመ መሰለፍ እንዳልነበረበት ታወቀ። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ ኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ አጣች። የካርድ መዝገብ መያዝ የታክቲክ ነገር አይደለም፤ ደብተርና እስክሪብቶ የሚበቃው የቢሮ ሥራ ነው። ቡድኑ ያን ሁሉ ችሎ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ጨረሰ፤ በመጨረሻው ዙር ግን ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል ሄደች። ሦስት ወር ሳይሞላ በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ፣ አንድም ግብ ሳያስቆጥሩ፣ ተሸነፉ። ሰውነት ቢሻው በ2014 መጀመሪያ ተሰናበቱ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡ፣ ለዓለም ዋንጫ አንድ ዙር ብቻ የቀራቸው አሠልጣኝ ናቸው። ሦስት ሽንፈት አሠልጣኝ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አሳፋሪው ነገር ስንብቱ አይደለም። ከእሳቸው በኋላ ምን ዓይነት አሠልጣኝ እንደሚፈለግ የሚናገር ዕቅድ አለመኖሩ ነው።

ይህም በቅጥሩ ዝርዝር ይታያል። ከሰውነት ቢሻው ስንብት እስከ 2020 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ አምስት አሠልጣኞች ተፈራረቁ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 አሸንፈው ሰውን ጉድ አሰኙ፣ በአልጄሪያ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፣ በ2015 ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ በማርች 2016 ብሊዳ ላይ በአልጄሪያ 7 ለ 1 ተሸነፉና ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ መጡ። አሸናፊ በቀለ መጡ፤ በ2017 ኩማሲ ላይ በጋና 5 ለ 0 ተሸነፉ። አብርሃም መብራቱ መጡ። ፖርቱጋላዊ፣ ከዚያ የአገር ልጅ፣ ከዚያ ሌላ የአገር ልጅ፤ አንዱ መከላከልን ያስቀድማል፣ ሌላው ኳስ ይዞ መጫወትን። ተጫዋቹ በየዓመቱ አዲስ ትምህርት ይጀምራል። በስድስቱ ዓመት ውስጥ አሠልጣኝ መራጮቹ ስለ ምርጫቸው ያቀረቡት ማብራሪያ ከአንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ያለፈ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኔዘርላንዱ ኢኮኖሚስት ባስ ተር ዌል የአገሩን ከፍተኛ ሊግ የ18 የውድድር ዘመን መረጃ ይዞ አንድ ቀላል ነገር መርምሯል። በውድድሩ መሃል አሠልጣኝ ያባረሩ ክለቦች ካባረሩ በኋላ ውጤታቸው ይሻሻላል። ልክ እንደነሱ ወድቀው አሠልጣኛቸውን ያላባረሩ ክለቦችም ግን በዚያው መጠን ይሻሻላሉ። ከመጥፎ ተከታታይ ውጤት በኋላ የሚመጣው ማንሰራራት አዲሱ ሰው ያመጣው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ለማንኛውም ሊመጣ የነበረ ነው። ግኝቱ ለአሠልጣኝ ቀጣሪዎች አይጣፍጥም፤ ከእጃቸው ያለውን ቀላሉን መሣሪያ ይነጥቃቸዋልና።

ሆኖም የአሠልጣኝ ለውጥ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለትም አይቻልም። በቅርጫት ኳስ የታወቀው ምሳሌ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ነው። በኖቬምበር 1981 ፖል ዌስትሄድን አሰናብቶ ምክትሉን ፓት ራይሊን አስቀመጠ፤ ራይሊ ከዚያ በፊት የጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ማይክራፎን ይዞ የነበረ ሰው ነው። ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆነ። ግን ማጂክ ጆንሰንና ካሪም አብዱልጀባር ያሉበት ቡድን ነበር፤ ራይሊ የተቀመጠው በሞላ ገበታ ላይ ነው። በዚህ ስፖርት የአሠልጣኝ ታሪክ መጀመሪያ ራሱ ያስቃል። ጨዋታውን በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ሲሠራ 55 ጨዋታ አሸንፎ 60 ተሸንፏል። በዩኒቨርሲቲው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ ብቸኛ ዋና አሠልጣኝ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ነው። እንደ ዛሬ ክለቦች ቢሆን ፈጣሪው ራሱ ይባረር ነበር።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንመለስ፣ የካፋ ጎረቤት ጅማ ነገሩን በአጭር ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳይታለች። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2017–18፣ ሻምፒዮን ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነው ያሸነፈው። አጥቂው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ፤ አሠልጣኙም ቀደም ሲል ብሔራዊ ቡድኑን ለጥቂት ጊዜ የመሩት ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ። ለብሔራዊ ቡድን አይሆኑም የተባሉት ሰው አዲስ ያደገ ክለብ ይዘው አገሩን አሸነፉ።

ከዚያ የመጣው ይበልጥ ያስተምራል። ገብረመድኅን ጅማን ለቀው ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዱና በ2018–19 እዚያም ሻምፒዮን ሆኑ። ጅማ አባ ጅፋር በበኩሉ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በካይሮ በአል አህሊ 2 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎታል፤ ለአዲስ ክለብ ትልቅ ታሪክ ነው። ቢሆንም ወደ ታች መውረድ ጀመረ። አሠልጣኝ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ መጣ። በ2021–22 መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። አራት ዓመት ውስጥ ከዋንጫ ወደ መውረድ። አሠልጣኙ ሲሄድ ክለቡ የያዘው ነገር ጥቂት ነበር ማለት ነው፤ የአጨዋወት መንገድ፣ ተጫዋች የሚያገኝበት ዘዴ፣ የወጣት ቡድን፣ እነዚህ ከሰውዬው ጋር አብረው ሻንጣ ውስጥ ገቡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ከሚቾ ተብለው ከሚታወቁት ሰርቢያዊ ሚሉቲን ስሬዶዬቪች እስከ ሆላንዳዊው ማርት ኖይ፣ ከዚያም እስከ ዘሪሁን ሸንገታ ድረስ ስንት አሠልጣኝ ለዋውጦ ዋንጫውን ይዟል። ከ1935 ጀምሮ ያለ ክለብ ስለሆነ ሰው ሲሄድ የሚቀር ነገር አለው።

በካፋ ዞን ያሉ ክለቦችም ከዚህ አያመልጡም። በቦንጋ ያለው ካፋ ቡና በከፍተኛ ሊግ ስሙ የታወቀ ነው፤ ዋና ትኩረቱም እንደ አብዛኛው የአገሪቱ ክለብ ከዓመት ዓመት መትረፍ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ክለብ በከተማ ወይም በዞን አስተዳደር በጀት ይተዳደራል፤ ቦርዱን የሚመሩት ሹማምንት ናቸው፣ የአሠልጣኙ ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ሹሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የቦርዱ ሰብሳቢም ይለወጣል። ስለዚህ አሠልጣኙን የቀጠረው ቦርድ አሠልጣኙን በሚያሰናብትበት ቀን ላይኖር ይችላል። አዲሱ ቦርድ ያልቀጠረውን ሰው ሲያሰናብት ጸጸት የለበትም፤ አዲስ ሰው ሲቀጥርም ቀጣዩ ቦርድ እንደሚያሰናብተው ያውቃል። ደመወዝ ይዘገያል፣ በክረምት ሜዳው ጭቃ ይሆናል፤ አሠልጣኙ ግን በሦስት ሽንፈት ይጠየቃል።

አብርሃም መብራቱ ብሔራዊ ቡድኑን በ2018 ሲረከቡ የመንን ለ2019 የእስያ ዋንጫ አብቅተው ነበር የመጡት፤ የተባበረችው የመን እዚያ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነው። ለ2021ዱ አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፈው ጀመሩ። በኖቬምበር 2019 ግን ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 አሸነፉ። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ውላቸው አበቃ፤ ፌዴሬሽኑ አላደሰውም። በ2020 ውበቱ አባተ ተሾሙ። ውበቱ በ2010–11 ኢትዮጵያ ቡናን ሻምፒዮን ያደረጉ አሠልጣኝ ናቸው፤ በቡና ነጋዴና በቡና ሠራተኛ ስም የተሠራው ክለብ ፕሪሚየር ሊግ ያሸነፈው ያኔ ነው፤ ዜናው ቡና በሚበቅልበት አገር በደስታ መሰማቱ አይቀርም። እሳቸው ኒጀርን አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 አሸነፉ። አቢጃን ላይ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ ማዳጋስካር በዚያው ቀን ከኒጀር ጋር ባዶ ለባዶ ስለወጣች ዋልያዎቹ አለፉ።

ይህ ማለፍ የማን ነው? ማጣሪያውን የጀመሩት አብርሃም ናቸው፤ የጨረሱት ውበቱ። ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ነገር አለ። ሦስቱም ድል የተገኘው በአገር ሜዳ ነው። ከ1962 ጀምሮ እንደነበረው ሁሉ የዚህ ቡድን ትልቁ ኃይል ከፍታው፣ ጩኸቱና የለመደው ሣር ነው። በዚያው በ2021 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያን ስታዲየሞች መስፈርት አያሟሉም ብሎ ዘጋ። አዲሱ አሠልጣኝ በድንገት ሜዳ የሌለው ቡድን ያዘ።

ከዚያ ያለው ታሪክ በስደት የተጻፈ ነው። በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ግን በሊሎንግዌ፣ ማላዊ። በማርች 2023 ከጊኒ ጋር ያለባቸውን ሁለት ጨዋታ ሞሮኮ ላይ አድርገው ሁለቱንም ተሸነፉ። ውበቱ አባተ ከዚያ በኋላ ለቀቁ፤ ዳንኤል ገብረማርያም ለጊዜው ያዙ። ቀጥሎም የተጠሩት ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ፤ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የተሞከሩት፣ በመሃሉ ጅማንና መቐለን ሻምፒዮን ያደረጉት። ለ2025ቱ አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በ2024 ከታንዛኒያ አቻ ወጡ፤ በዲሞክራቲክ ኮንጎ ተሸነፉ፤ በጊኒ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። እሳቸውም ሄዱ። መሳይ ተፈሪ በተራቸው ተቀመጡ፣ በኖቬምበር ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፉ። ድሉ የመጣው ቡድኑ ከማጣሪያው መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ዋልያዎቹም አሁንም የቤት ጨዋታቸውን በሰው አገር ሜዳ ላይ ያደርጉ ነበር።